ያመነ ይግባኝ የለውም

ጋሪው ከድልድዩ ሲወርድ አንዱ መንኮራኩር ጉድጓድ ገባና የመዝገቡ ሣጥን ተንሸራቶ የጸሐፊዋ ጉልበት ላይ አረፈ። በሁለት እጇ ያዘችው። ከነጂው አጠገብ የተቀመጠው ሃምሳ አለቃ ዞር ብሎ አያት።

"እትዬ ጸሐፊ፣ ሣጥኑን ነው ወይስ ራስዎን ነው የያዙት?"

"የቀለሙን ብልቃጥ።"

"እሱ ከፈሰሰማ ዛሬ ማንም አይፈረድበትም። ይቺ በቅሎ እስር ቤት ዘመድ ሳይኖራት አይቀርም፣ ጉድጓድ እየመረጠች ነው የምትረግጠው።"

ነጂው ሳቀ። ጸሐፊዋ አልሳቀችም፤ ሃምሳ አለቃውም እንደማትስቅ ስለለመደ አልተቀየማትም። በሣጥኑ ውስጥ አርባ ቁጥር የተመታባቸው ወረቀቶች፣ ሁለት የብረት ጫፍ ያላቸው ብዕሮች፣ የቀለም መምጠጫና የፍርድ ቤቱ ማኅተም አሉ። ከሁሉም በታች በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ ወረቀት አለ። እሱ የፍርድ ቤቱ አይደለም፤ ቢያንስ ዛሬ የእሷ ነው።

ጠዋት ከቤት ስትወጣ አማቷ መስኮት ሥር ተቀምጣ ካልሲ ትጠግን ነበር። ቀና ሳትል፣ "ዛሬ ነው?" አለቻት።

"ዛሬ ነው፣ እማማ።"

"እንግዲህ እግዚአብሔር ሰውየውን እጅሽ ላይ ጥሎልሻል። እኔ ብሆን እጄ አይንቀጠቀጥም።"

"የኔም አይንቀጠቀጥም።"

"እንግዲያው ሂጂ፤ ዳኛ አይጠብቅም" አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ከተማው በተከበበበት ዓመት ፍርድ ቤቱ ስለተቃጠለ ችሎቱ የሚቀመጠው ከወንዙ ማዶ፣ በጡብ ፋብሪካው ማድረቂያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቀይ አቧራ በጠረጴዛውም በወረቀቱም ላይ ይተኛል፤ ጸሐፊዋ እያንዳንዱን ገጽ ከመጻፏ በፊት በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ከበባው ሲያበቃ የገቡት አዲሶቹ ገዢዎች ማኅተሙን ለውጠዋል፣ የደንብ ልብሱን ቀለም ለውጠዋል፣ ግድግዳ ላይ የነበረውን ፎቶግራፍ አውርደዋል። የጦር ፍርድ ቤቱን ደንብ ግን፣ ደህና ጫማ ከሬሳ እግር እንደሚወልቅ፣ እንዳለ ወስደውታል። ደንቡ አጭር ነው። ተከሳሹ "ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?" ተብሎ ይጠየቃል። የካደ ከነመዝገቡ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ይላካል፤ እዚያ ምስክር ይሰማለታል። ያመነ ይግባኝ የለውም። ፍርዱ በዚያው ቀን፣ ከምድጃዎቹ ጀርባ፣ በጥይት ይፈጸማል።

ባሏ የሞተው በዚህ ደንብ ነው። የሰዋስው መምህር ነበር፤ እሁድ እሁድ በጸሎት ቤት መጽሐፍ ያነባል። ለአማጽያን ጠመንጃ ደብቀሃል ብለው ያዙት። ከእሱ ጋር ተከሶ በተአምር የተረፈ አንድ አናጢ በኋላ እንደነገራት፣ መርማሪው ሌሊቱን ሙሉ በሃይማኖቱ ሲያላግጥበት አድሯል። ጠዋት ዳኛው "ታምናለህ?" ሲለው መምህሩ "አምናለሁ" አለ። ሌላም የተናገረው ነገር ነበር፤ ወታደሮቹ ስለሳቁ ግን አናጢው አልሰማም። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ አንድ ቃል ጻፈ፦ አመነ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ ታሪኩን በአንድ መንገድ ያወራው ጀመር። ምስኪን መምህር፣ ስለ ሃይማኖቱ የጠየቁት መስሎት መለሰ፤ የዋህነቱ ገደለው። በጸሎት ቤት ደግሞ ሰባኪው ይህንኑ አሳምሮ ምሳሌ አደረገው። እሷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳ ሰማች። ስለ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ልጆችን ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዴት በዚያ ቃል ይሳሳታል? ለሦስት ዓመት የተናደደችው በጸሐፊው ብቻ አልነበረም። ማንም አያውቅባት እንጂ በሟቹም ተናዳለች፤ እንደዚያ ግድየለሽ ሆኖ ጥሏት በመሄዱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እምነቱን በገመድ ምትክ አንገቱ ላይ ሲጠመጥሙበት ዝም ብሎ ባየው አምላክ። ግን መጸለይ አላቆመችም። ጸሎቷ ባጠረ ቁጥር እየመረረ ሄዶ በመጨረሻ ሁለት ቃል ብቻ ቀረው፦ አንተ ታውቃለህ።

አዲሶቹ ገዢዎች ጸሐፊ ሲፈልጉ ቀድማ ያመለከተችው እሷ ናት። በሦስተኛው ሳምንት ከእሳቱ የተረፉትን መዝገቦች ስታገላብጥ ያንን አሮጌ ወረቀት፣ "አመነ" የሚለውን የባሏን ገጽ፣ አገኘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትጠብቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያንን ቃል የጻፈውን ጸሐፊ።

ሰውየው ተያዘ። ዛሬ የመጀመሪያው ተራ የእሱ ነው።

ጣቱ ሠላሳ ዓመት በቀለም ከመጥቆሩ የተነሳ ሰው ሁሉ የሚጠራው "ጥቁር ጣት" እያለ ነበር። ሁለት ወታደሮች ይዘውት ሲገቡ ጸሐፊዋ ግዙፍ ሰው ጠብቃ ስለነበር ደነገጠች። ኮቱ ሰፍቶታል፤ ከኮሌታው በላይ የወጣው ራሱም ትንሽ ነው። አፈር ላይ የወደቀች ዶሮ ይመስል ነበር።

ዳኛው ሻለቃ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሦስት ወር መድፍ ሥር ስለቆየ ጆሮው ከአንድ ክንድ ርቀት በላይ አይሰማም። የተናጋሪውን ከንፈር ያያል፤ ከዚያ የጸሐፊዋን መስመር ያነባል። "ጆሮዬ አንቺ ነሽ" ይላታል። ይህን ሲል ቀልዶ አያውቅም።

ክሱ ተነበበ፤ የሐሰት መዝገብ ጽፎ አሥራ አንድ ሰው ማስገደል። ሻለቃው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጮክ ብሎ ጠየቀ፦

"ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?"

ጥቁር ጣት ጉሮሮውን ጠረገ። "ጌታዬ፣ እግዚአብሔር እንደሚምረኝ አምናለሁ። ስለ ክሱ ግን፣ የታዘዝኩትን ጸሐፊ ሆኜ ጻፍኩ እንጂ ሰው አልገደልኩም። እክዳለሁ።"

"እክዳለሁ" ሲል ሳል ስለያዘው አፉን በእጁ ሸፈነ። ሻለቃው ያየው የከንፈሩን ግማሽ ነው።

"አመነ?" ብሎ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ።

እጇ አልተንቀጠቀጠም። ብዕሩን ነከረች፣ ትርፉን ቀለም በብልቃጡ አፍ ጠረገች፣ ጻፈች። ሦስት ፊደልና አራት ነጥብ። መምጠጫውን አሳረፈችበትና ወረቀቱን ወደ ዳኛው አዞረች።

ሻለቃው አነበበ። "እንዲህ ቶሎ ያልቃል ብዬ አልጠበቅኩም።"

ጥቁር ጣት ወረቀቱን ማየት አይችልም። ያየው ግን የብዕሩን ጫፍ ነው። ያንን ቃል እሱ ራሱ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፎታል፤ እጅ ለዚያ ቃል ምን ያህል እንደሚሄድና የት እንደሚቆም ያውቃል። ፊቱ ላይ የነበረው ትንሽ ደም ሄደ።

"እህቴ፣ ቃሌ እኮ ረዥም ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "እጅሽ አጭር ሄደ።"

"ዝም በል!" አለ ሃምሳ አለቃው።

ሻለቃው አልሰማም። ሰዓቱን አይቶ፣ ከምሳ በኋላ መዝገቡ ለተከሳሹ ተነብቦለት እንደሚፈርም፣ ከዚያም ፍርዱ እንደሚሰጥ ተናገረና ተነሳ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ጸሐፊዋ ሣጥኑን ቆልፋ ወጣች። ጥቁር ጣትን ከቀዘቀዘ ምድጃ አጠገብ፣ ከጋሪ ዘንግ ጋር አስረው አስቀምጠውታል። በአጠገቡ ስታልፍ ጠራት።

"የመምህሩ ሚስት ነሽ። በችሎቱ ቀን በር ላይ ቆመሽ ነበር። ጃንጥላሽን በሁለት እጅሽ ይዘሽ።"

ቆመች።

"ፀሐይ ነበር" አለ። "ለምን ጃንጥላ ያዘች ብዬ አስቤ ነበር።"

"ለመደገፍ።"

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ድምፁ የለመደ የቢሮ ሰው ድምፅ ሆነ። "ባልሽ የተናገረው 'አምናለሁ' ብቻ አይደለም። ረዥም ነበር። ከእኔ በቀር እስከ መጨረሻው የሰማው የለም፤ ዳኛውም ሞቷል። አንቺ የኔን ቃል ሙሉውን ጻፊ፣ እኔ የሱን ሙሉውን እነግርሻለሁ።"

ልትሄድ አንድ እርምጃ ተራመደች።

"ባልነግርሽ አብሮኝ ይቀበራል" አለ።

"ይቀበር" አለችው። "አንተም ልታየው ነው፣ አጭር ቃል ምን ያህል እንደሚበቃ።"

ሃምሳ አለቃው ከጥላው ሥር ዳቦ እየገመጠ፣ "እትዬ ጸሐፊ፣ ከእሱ ጋር ምን ያወራሉ? ሊሞት ያለ ሰው ወሬው አያልቅም" አላት።  ከተደረደሩት ጡቦች ጀርባ፣ ማንም በማያያት ቦታ ሄዳ ቆመች።

ደስታውን ጠበቀችው። ለሦስት ዓመት ያደራጀችው ደስታ ነበር። ሰውየው በጡቡ ግድግዳ ላይ ሲደገፍ፣ ለማን እንደሚጮኽ ሲጠፋው፤ ሁሉንም በየሌሊቱ አይታዋለች። አሁን ለማየት ሁለት ሰዓት ነው የቀረው። ደስታው ግን በሩ ላይ ቆሞ አልገባ አለ።

"አንተ ታውቃለህ" አለች ድምፅ አውጥታ። "ሦስት ዓመት ይህንኑ ስልህ ኖርኩ። ማወቅህ ምን ጠቀመኝ? ዛሬ ግን ጣልክልኝ። ካልጣልክልኝ ለምን አመጣኸው? ለምን ብዕሩን ለእኔ ሰጠኸኝ? ባሌ ልጆቹን ስለ ባለቤትና ስለ ማሰሪያ አንቀጽ ከማስተማር በቀር ምንም ያላደረገ ሰው ነበር። አንተ ታውቃለህ። እዚያ ነበርክ። ሰምተሃል።"

እዚህ ላይ ቆመች።

ሰምቷል። ወታደሮቹ ሲስቁ፣ አናጢው መስማት ሲያቅተው፣ ጸሐፊው ብዕሩን ቀድሞ ሲያነሳ፣ አምላክ እስከ መጨረሻው ሰምቷል። እንዲህ ከሆነ ቃሉ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። ይህን ያሰበችው ለመጽናናት አልነበረም። እንደ መዝገብ ሠራተኛ ነው ያሰበችው፦ ቅጂ አለ። ጥቁር ጣት ሊሸጥላት የሚፈልገው ነገር ሌላ ቦታ፣ በደህና እጅ ተቀምጧል። ልትገዛው አያስፈልጋትም፤ ሰውየው ቢቀበርም ቃሉ አይቀበርም።

ቀጥሎ የመጣውን ሐሳብ ግን አልፈለገችውም ነበር። የባሏ ቃል ቅጂ ካለ፣ የዛሬ ጠዋቱም ቃል ቅጂ አለ። በእሷ እጅ የተቆረጠው።

"ይህንን አልጠየቅኩህም" አለች፤ ጡቡን በጡጫዋ መታችው። አንጓዋ ተላጠ። በመሐረቧ ጠቅልላው ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

ሻለቃው ከምሳው ሲመለስ ቆማ አገኛት። ሊሰማት በሚችልበት ርቀት ጠጋ አለች።

"ጌታዬ ሻለቃ፣ መዝገቡ ላይ ስህተት አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"የምን ስህተት? አምናለሁ ሲል አይቼዋለሁ።"

"ብሏል። ግን አላለቀም ነበር። ያለው እግዚአብሔር እንደሚምረኝ አምናለሁ ነው። ክሱን ክዷል።"

ሻለቃው ለረዥም ጊዜ አያት። "አንቺ ሰምተሽ ነበር?"

"ሰምቼ ነበር።"

ሌላ ነገር አልጠየቃትም። በደንቡ መሠረት የተሳሳተ ቃል አይፋቅም፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዝና ዳኛው በዳር ይፈርምበታል። ሰረዘችው። ሻለቃው ፈረመ፤ ፊርማው የተቆጣ ሰው ፊርማ ነበር። ከታች ሙሉውን ቃል፣ ሳሉን ሳይቀር፣ ጻፈች።

ተከሳሹ ገባ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት። "አመነ" የሚለውን ሲጠብቅ የነበረ ሰው "እክዳለሁ" የሚለው ሲደርስ ዓይኖቹን ጨፈነ።

"ቃልህ ነው?" አለ ሻለቃው።

"ቃሌ ነው።"

"ፈርም።"

ብዕሩን ሰጡት። በዚያ ጥቁር ጣቱ እንደ ጌታ ያዘው፤ በዚህ ዓለም ላይ በትክክል መያዝ የሚያውቀው አንድ ነገር ይኸው ነበር። ግን አልፈረመም። ጸሐፊዋን አያት።

"አልነገርኩሽም እኮ" አለ። "ሳልነግርሽ ነው የጻፍሽው?"

"ለአንተ ብዬ አልጻፍኩም።"

ብዕሩን መለሰላት። "እንግዲያው የሚጨመር አለኝ። ጻፊ።"

አዲስ ገጽ አወጣች፤ በእጅጌዋ ጠረገችው።

"ሰባተኛው ተከሳሽ፣ መምህሩ፣ ታምናለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ እንዲህ አለ። 'ጥያቄው ሁለት ነው። ስለ ጠመንጃው ከሆነ እክዳለሁ፤ በቤቴ ጠመንጃ አልነበረም። ስለ አምላኬ ከሆነ አምናለሁ። ጸሐፊው፣ እባክህ ለይተህ ጻፍ።' ሲል የሚያየው እኔን ነበር። ወታደሮቹ ሳቁ። እኔም አመነ ብዬ ጻፍኩ።"

ጸሐፊዋ በሕይወቷ ሰው መግደል ከልቧ የፈለገችው ያን ጊዜ ነው። ጠዋት የፈለገችው እንደ ዕቅድ ነበር፤ አሁን ግን በጣቶቿ ፈለገችው። ባሏ አልተሳሳተም። የዋህ አልነበረም። ቃሉን ሁለት ቦታ ከፍሎ፣ ነጥቡን በቦታው አስቀምጦ፣ "እባክህ" ብሎ ለዚህ ሰው ሰጥቶት ነበር። እሷ ደግሞ ሦስት ዓመት በግድየለሽነት ስትከሰው ኖራለች። ዓይኗ ስለተጋረደ መስመሩን በልማድ ብቻ ተከትላ ጻፈች። "ለይተህ ጻፍ" የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው፤ ቀዳዳውን ዘላ ቀጠለች።

ሻለቃው ገጹን ተቀብሎ አነበበ፤ እንደገና አነበበ።

"ጠዋት ታዝዤ ነው ብለሃል። ይህን ማን አዘዘህ?"

"ማንም አላዘዘኝም" አለ ጥቁር ጣት። "መልስ የሚጻፍበት መስመር ጠባብ ነበር።"

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ። 

ሻለቃው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። "በቃ፣ አሁን በአንድ ቃል ንገሪኝ። አመነ ወይስ ካደ?"

ሰውየው ሁለተኛ ጊዜ በእጇ ገባ፤ አሁን ደግሞ ያለ ሐሰት። አመነ ብትል ውሸት አይሆንም፤ ማንም፣ ቅጂውን የያዘውም፣ ሐሰተኛ አይላትም። ሻለቃው ሰዓቱን ኪሱ ከቷል። ከምድጃዎቹ ጀርባ የወታደሮቹ ጫማ ይሰማል።

"በአንድ ቃል አይሆንም፣ ጌታዬ" አለች። "ጠዋት ክዷል፣ አሁን ስለ አንዱ ሰው አምኗል፤ ስለ ቀሩት አሥር ክህደቱ እንዳለ ነው። ሁሉም ተጽፏል። ፍርዱ የእርስዎ ነው።"

ሻለቃው ማኅተሙን አንስቶ ለአፍታ በእጁ መዘነው። ከዚያ "ሁለት ቃል ያለው መዝገብ ወደ ላይ ይሄዳል" አለና ማኅተሙን በገጹ ግርጌ አሳረፈ። "እዚያ ስለ አሥራ አንዱም ምስክር ይሰማ። ውሰዱት።"

ጥቁር ጣት ሲወጣ በበሩ ላይ ዘወር ለማለት ሞከረ። ጸሐፊዋ ብዕሯን ትጠርግ ነበር፤ ቀና አላለችም።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አማቷ ከመስኮቱ ሥር አልተነሳችም፤ ካልሲው ግን አልቋል።

"ሞተ?"

"አልሞተም፣ እማማ። ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ተላከ።"

አሮጊቷ ካልሲውን መሬት ላይ ወረወረችው። "ያንን ሁሉ ቀለም ታዲያ ምን አደረግሽው? ጠጣሽው?"

ጸሐፊዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ቃሉን ነገረቻት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አማቷ ሰማች። ድገሚልኝ አለች። ደገመችላት።

"ለይተህ ጻፍ አለ?"

"እባክህ ለይተህ ጻፍ አለ።"

"ይሄ የኔ ልጅ ነው" አለች አሮጊቷ። "ትንሽ ሆኖ እንኳ ውሃ አምጣልኝ ስለው፣ ለመጠጥ ነው ለመታጠብ ይለኝ ነበር። በጥፊ እለው ነበር እኮ! ዝም ብለህ አምጣ እያልኩ።" ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። ጸሐፊዋ እጇን ያዘቻት። 

በመጨረሻ አሮጊቷ አፍንጫዋን ጠርጋ ጠየቀቻት።

"ማርሽው?"

"አልማርኩትም።"

"እኔም አልማርኩትም። ታዲያ ምን አደረግሽው?"

"አስረከብኩት።"

ለማን ብላ አልጠየቀቻትም፤ ጠዋት እግዚአብሔር ጥሎልሻል ያለቻት ራሷ ናት። መሬት ላይ የወደቀውን ካልሲ አንስታ አቧራውን አራገፈች። "ካስረከብሽ እንግዲህ፣ ነገ ጠዋት ተነስተሽ መልስልኝ እንዳትይው። እኔ ግን ልንገርሽ፣ የገመዱን ጫፍ ገና አልለቀቅኩም።"

"እኔም አልለቀቅኩም፣ እማማ" አለች ጸሐፊዋ። "መጎተቱን ነው ያቆምኩት።"